የሙሽራ እናት ወንበር

ታናሿ ልጄ ሰላማዊት ለሰርጓ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ወርቅ አላለችም፣ ጥልፍ ቀሚስ አላለችም። «እማዬ፣ በሰርጌ ቀን ወጥ ቤት እንዳትገቢ» አለችኝ።

እኔ አሰለፈች ነኝ። ደብረ ታቦር ውስጥ እኔን የማያውቅ ድግስ የለም። በቀን የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነኝ፤ በሃያ ስምንት ዓመት አንድ ፋይል ጠፍቶብኝ አያውቅም። ከቢሮ ውጪ ደግሞ የሰፈራችን ሰርግ፣ ክርስትና፣ ተዝካር ሁሉ በእኔ ማማሰያ ሥር ያልፋል። ለሦስት መቶ ሰው ስንት ኪሎ ሽንኩርት እንደሚበቃ ወረቀት ሳልይዝ እናገራለሁ። «ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» የሚባለው ሌላ ቤት ነው፤ እኔ ቤት በርበሬው የሚቀነጠሰው ሽማግሌ ሳይላክ ነው። እንዲህ ያለችውን ሴት የገዛ ልጇ ወጥ ቤት አትግቢ ስትላት ምን ይሰማታል? ተናደድሁ።

«ማን ሊሠራልሽ ነው?» አልኋት። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም።»

«አይብቃ» አለች። «እኔ የምፈልገው ወንበርሽ ላይ እንድትቀመጪልኝ ነው።»

ወንበር አለች። የትኛውን ወንበር እንደምትል አውቃለሁ።

ከስድስት ዓመት በፊት ትልቋን ልጄን ትዝታን ድሬያለሁ። ሰርጉ ያማረ ነበር ይላሉ፤ እኔ አላየሁትም። ሙሽራው ሚዜዎቹን አስከትሎ ገባ፣ ተበላ፣ ተጠጣ። ሙሽሮቹ የወላጅ ጉልበት ስመው ተመርቀው የሚወጡበት ሰዓት ሲደርስ አንዲት ሴት ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብላ «ቀይ ወጡ ሊያልቅ ነው» አለችኝ። ባለቤቴን ደረጄን «መጣሁ» ብዬው ተነሣሁ። መጣሁ ያልሁት ከልቤ ነው። ግን ድልሁን አስፈልጌ፣ ሥጋውን አስከትፌ፣ ድስቱን አማስዬ ቀና ስል የመኪና ጡሩምባ ከግቢው ውጪ ተሰማኝ። ልጄ ሄዳለች።

ቪዲዮው አለ። ትዝታ የአባቷን ጉልበት ትስምና ወደ ቀኝ ትዞራለች። እዚያ ያለው ባዶ የፕላስቲክ ወንበር ነው፤ ነጠላዬ ተንጠልጥሎበታል። ትንሽ ቆማ ታየዋለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ነጠላውን ስማ ትሄዳለች። በየፋሲካው ቪዲዮው ሲከፈት ደረጄ እዚያ ቦታ ሲደርስ ጫን አድርጎ ያሳልፈዋል። ትዝታ አንድ ቀን እንኳ ወቅሳኝ አታውቅም። የሚያቃጥለኝም ይኸው ነው፤ ብትወቅሰኝ መልስ አዘጋጅቼ ነበር።

ስለዚህ ሰላማዊትን «እሺ» አልኋት። «በማርያም በይ» አለችኝ። በማርያም አልሁ።

«ቃል ብቻውን አይበቃም» አለች። ሰላማዊት ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ተማሪ የምታማክር ናት፤ የሰው ጭንቀት ከፊቱ ታነባለች። «አንቺ ተቀምጠሽ አታውቂም። ሳትለማመጂ ያን ቀን ሦስት ሰዓት ወንበር ላይ ብትውዪ ትታመሚያለሽ። አሁን ጥቅምት ነው፣ ሰርጉ ጥር ነው። እስከዚያ በየሳምንቱ አንድ ለምንም የማይጠቅም ነገር ትሠሪያለሽ። አንቺን ደስ እንዲልሽ ብቻ።»

«ራሴን እኮ አልጣልሁም» አልኋት። «እታጠባለሁ፣ እቀባለሁ፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ ሹሩባ እሠራለሁ።»

«ሹሩባ ስትሠሪ ምስር ትለቅሚያለሽ።»

ይህን ማንም ሊክድ አይችልም። ምስሩ ጭኔ ላይ፣ ጭንቅላቴ ሠሪዋ እጅ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ትእዛዝ ቅዳሜ ጠዋት በእግሬ እስከ ጋፋት ሄጄ እንድመለስ ነበር። ያለ ጉዳይ። እንደ ቀላል ነገር አድርጋ ነው የነገረችኝ። በዚህ አገር ግን አንዲት ትልቅ ሴት ያለ ጉዳይ መንገድ ስትሄድ ማየት የተለመደ አይደለም። ገና ከሰፈሬ ሳልወጣ «ወዴት ነሽ አሰለፈች?» ተባልሁ። «ዝም ብዬ ነው» አልሁ። «ዝም ተብሎ የት ይኬዳል?» አሉኝ። ከከተማ ስወጣ አንዱ ባጃጁን አቁሞ ልጫንሽ አለኝ፤ አይ ስለው በሐዘን ዐይን አየኝ። ገብስ የሚያጭዱ ሰዎች ደግሞ ማጭዳቸውን አሳርፈው «ማን ሞተ?» ብለው ጠየቁኝ። ማንም ካልሞተ ለምን ይኬዳል? አፈርሁና «የባለቤቴን እኅት ልጠይቅ ነው» ብዬ ዋሸሁ።

ውሸት ደግሞ ያስከፍላል። የደረጄ ታላቅ እኅት እትዬ በለጠች ከጋፋት አለፍ ብለው ይኖራሉ፤ ካልሁማ አይቀርም ብዬ ሄድሁ። እሳቸው ቤት ደርሶ በባዶ እጅ መመለስ የለም። አመሻሽ ላይ ቤቴ ስገባ በጀርባዬ አንድ ሸክም ጭራሮ፣ በቀኝ እጄ አራት ጥቅል ጎመን፣ በግራ እጄ እንቁላል ይዤ ነበር። ሰላማዊት በሩ ላይ ቆማ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ደስ አለሽ?»

«በጣም» አልኋት። «ጎመኑ በነፃ ነው።»

በሁለተኛው ሳምንት ነገሩን በሥርዓት ልያዘው ብዬ ወሰንሁ። ሰው የሚያውቀውን ነው የሚያውቀው። የቢሮ ወረቀት አወጣሁ፣ ሰንጠረዥ አሰመርሁ፤ ተራ ቁጥር፣ ዝርዝር ተግባር፣ የጊዜ ሰሌዳ፣ ፈጻሚ አካል፣ ምርመራ። ተራ ቁጥር አንድ፦ መሳቅ፤ በቀን ሦስት ጊዜ፤ ፈጻሚ አካል አሰለፈች። ተራ ቁጥር ሁለት፦ ፀሐይ መሞቅ፤ ዐሥር ደቂቃ። ተራ ቁጥር ሦስት፦ መጫወት፤ በሩብ ዓመቱ መጨረሻ ሰባ በመቶ ማድረስ። ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍሁት።

ደረጄ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው። ረጋ ያለ ሰው ነው፤ በሠላሳ ሦስት ዓመት ትዳር እኔ ለሁለታችን ስቆጣ እሱ ለሁለታችን ዝም ብሏል። ውኃ ሊጠጣ ሄዶ እቅዱን አነበበው። መጀመሪያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «ፈጻሚ አካል» ይላል፣ እንደገና ይስቃል። ልቆጣ አፌን ከፈትሁና ይህ ሰው እንዲህ ሲስቅ ካየሁት ስንት ዓመቴ ነው ብዬ አሰብሁ። ላስታውስ አልቻልሁም። እኔም ሳቅሁ። ሳቄ ያስፈራ ነበር፤ ያልተለማመደ ሳቅ ነው።

«አንደኛው ተፈጽሟል» አለ ዐይኑን እየጠረገ። «ምርመራው ላይ ጻፊው።»

እቅዱን ቀድጄ ጣልሁት። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሳላስበው መጣ ማለት ይቻላል። ደረጄ የድሮ ገበጣውን ከአልጋ ሥር አወጣና አቧራውን አራግፎ ጠጠር ደረደረበት። ሦስት ጊዜ አሸነፍሁት። በአራተኛው ሲያሸንፈኝ ደንቡ በጽሑፍ ይቅረብልኝ አልሁ። በዚያ ምሽት ሳሕን ሳላጥብ ተኛሁ። ጠዋት ስነሣ ሳሕኑ እዚያው ነበር፤ ማንም መጥቶ አልከሰሰኝም።

ሌላ ቀን ደግሞ ከቢሮ ስመለስ እግሬ አብጦ ነበር። ደረጄ ውኃ አሙቆ፣ ጨው በትኖ፣ ሳፋውን ፊቴ አስቀምጦ ተንበረከከ።

«ምን ልትሆን ነው?» አልሁት።

«እግርሽን ላጥብሽ።»

«ሰው ቢያይስ?»

«ይየን።»

በሩን ዘግቼ መጋረጃውን ስቤ ነው እግሬን የሰጠሁት። በእኛ ቤት እግር ያጠብሁት እኔ ነኝ፤ የአባቴን፣ የእንግዳውን፣ የእሱን። የእኔን እግር ከእናቴ በኋላ የነካው አልነበረም። ተረከዜን አሽቶ ሲጨርስ ሌላውን እግሬን ራሴ አቀበልሁት። በማግሥቱ መጋረጃውን አልሳብሁም።

በታኅሣሥ አንድ ቀን ከቢሮ ስወጣ ልጆች በሩ ፊት ለፊት ሰኞ ማክሰኞ ሥለው ሄደዋል። ግራ ቀኝ አየሁ። ማንም የለም። ቦርሳዬን በብብቴ ያዝሁና አንድ እግሬን አንሥቼ እስከ መጨረሻው ዘለልሁ። ዞር ስል ዘበኛችን ጋሽ ይሻው በሩ ላይ ቆመዋል። ጨዋ ሰው ስለሆኑ ወደ ሰማይ ቀና ብለው «ዘንድሮ ብርዱ ጠንክሯል» አሉ። እኔም «ጠንክሯል» አልኋቸው። ቤቴ እስክገባ ለብቻዬ ሳቅሁ።

እንዲህ ስላችሁ የተፈወስሁ እንዳይመስላችሁ። ሰርጉ ሲደርስ በሽታዬ ተነሣ።

ሰርጉ እሑድ ነበር። በወጥ ቤቱ ላይ እትዬ በለጠች ተሹመዋል፤ ማማሰያዬን በእጄ አስረክቤያቸዋለሁ። ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ግን ከአልጋዬ ተነሥቼ ቃሌን በሕግ ዐይን መረመርሁት። ቃል የገባሁት ለሰርጉ ቀን ነው፤ ዋዜማ በስም አልተጠቀሰም። ሽርጤን ታጥቄ ከጓሮ በሸራና በቆርቆሮ ወደሠራነው ወጥ ቤት ገባሁ። እስከ ምሳ ድረስ ሽንኩርት ያወፈረችውን ገሥጬ፣ የእሳቱን ቦታ አዛውሬ፣ ቅቤውን ቆልፌ ቁልፉን ደረቴ ውስጥ ከትቼ ነበር። ሰላማዊት ሁለት ጊዜ መጥታ ለመነችኝ። «ዋዜማ ነው እኮ» አልኋት። ሦስተኛ ጊዜ አልመጣችም።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እትዬ በለጠች ጎድጓዳ ሣሕን ይዘው መጡ። ውስጡ ሥሩ ተወቅጦ የተዘጋጀ እንሶስላ ነው፤ የሙሽራና የሚዜዎች እጅና እግር የሚቀላበት። ሣሕኑን አስቀመጡና በዚያ ሁሉ ሴት ፊት «አሰሉ፣ ነይ እጅሽን ስጭኝ» አሉኝ።

«ምን ሊያደርጉልኝ?»

«እንሶስላ ነዋ። ባገራችን ወግ የሙሽራ እናት ቀድማ ካልታሰረች የሙሽራዪቱ እጅ አይቀላም። ይህንንም ሳታውቂ ነው ስንቱን የዳርሽው?»

ዐሥራ አምስት ሴቶች ዘወር ብለው አዩኝ። እንዲህ ያለ ወግ ሰምቼ አላውቅም። ግን እኔ፣ የከተማውን ወግ ሁሉ በጣቴ የምቆጥረው አሰለፈች፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «አላውቅም» ልበል? ከምል ምላሴ ይቆረጥ።

«እንዴት አላውቅም» አልሁ። «ረስቼው ነው እንጂ።»

ወደ ሳሎን ወሰዱኝ። ሙሽራዋና ጓደኞቿ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። እትዬ በለጠች እንሶስላውን ጣቶቼ ላይ፣ መዳፌ ላይ ለጠፉ፣ በጉሎ ቅጠል ጠቀለሉ፣ በጨርቅ አሰሩ፤ ሁለቱንም እጄን እስከ አንጓዬ። ሲጨርሱ ቡጢ ሊገጥም የተዘጋጀ ሰው መሰልሁ። «እስከ ነገ ጠዋት እንዳትፈችው፤ የልጆቹ ተራ ማታ ነው» አሉና ደረቴ ውስጥ እጃቸውን ሰደድ አድርገው የቅቤውን ቁልፍ አወጡ። ያን ጊዜ ገባኝ። ሰላማዊት አፏን በነጠላዋ ሸፍና ነበር።

«እትዬ በለጠች፣ እንዲህ ያለ ወግ አለ?» አልኋቸው።

«ከዛሬ ጀምሮ አለ» አሉኝና ሄዱ።

የመጀመሪያው ሰዓት ጭንቅ ነበር። አፍንጫዬ በላኝ፤ ሰላማዊት አከከችልኝ። ነጠላዬ ወደቀ፤ ሌላዋ አነሣችልኝ። ስልኬ ጮኸ፤ አንዷ ጆሮዬ ላይ ያዘችልኝ። ከወጥ ቤት «ጨው የት ነው?» እያሉ ይመጣሉ፣ በአገጬ አመለክታለሁ። አራተኛዋ ስትመጣ እትዬ በለጠች ከኋላዋ ደርሰው በሩን ዘጉት። ከዚያ በኋላ ማንም አልመጣም። ጆሮዬን ጣልሁ። ድስት ይከደናል፣ ይከፈታል፣ ሴቶቹ ይሳሳቃሉ። ድግሱ ያለ እኔ እየሄደ ነው። እውነቱን ልናገር፣ ከፋኝ። ሰው ሁሉ ያለ እኔ አይሆንለትም ብዬ ነበር ሠላሳ ዓመት የሮጥሁት።

«እማዬ አፍሽን ክፈቺ» አለች ሰላማዊት። አፌ የሚችለውን ያህል አጎረሰችኝ። ጣፈጠኝ። ለካ ወጥ እየሞቀ ሲበሉት እንዲህ ነው። እኔ በድግስ ቀን የምበላው ሁሉም ካለቀ በኋላ፣ ቆሜ፣ ከድስቱ ጥግ ነው።

ልጆቹ ከበሮ አነሡ። አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፣ ያጨበጭባሉ። ላጨበጭብ ብዬ ሁለቱን ጥቅል አጋጨሁ፤ ድምፅ የለውም። ማማሰያ መያዝ አልችልም፣ ሳሕን ማንሣት አልችልም፣ ማጨብጨብ አልችልም። የቀረኝ ትከሻ ብቻ ነበር። ትከሻዬን አንድ ጊዜ ነቅነቅ አደረግሁት፤ እንዲያው ለመሞከር። ልጆቹ እልል አሉ። ተነሣሁ።

ከገዛ ሰርጌ ወዲህ እስክስታ መትቼ አላውቅም። ትከሻ ግን አይረሳም። የታሰረ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ወረድሁ፣ ወጣሁ፤ አንገቴን ሰበቅሁ። ሰላማዊት ፊት ለፊቴ መጥታ ገጠመችኝ። ደረጄ በመስኮት ሲያይ ያዝሁት። ላብ በላብ ሆኜ ምንጣፉ ላይ ስወድቅ ደረቴ ውስጥ የነበረ አንድ ከባድ ነገር የለም። ደስ አለኝ፤ ሌላ ቃል የለውም፣ ደስ አለኝ።

ያን ጊዜ ነው ትዝታ ከምትኖርበት ከባሕር ዳር የደረሰችው። ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። ፈገግ አለች፣ ግን ፈገግታዋ ድካም ነበረው።

«ነይ ትዝታዬ፣ እጅሽን ይሰሩሽ» አልኋት።

«አይ እማዬ፣ እኔ ሥራ አለብኝ» አለች። «አንቺ ተጫወቺ፤ ወጥ ቤቱን እኔ አየዋለሁ።» ሻንጣዋን ጥግ አስቀምጣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ሄደች። ጎበዝ ልጅ አልሁ በልቤ። ያልሁት ይህን ብቻ ነው።

እሑድ ጠዋት ጨርቁ ሲፈታ እጄ እስከ አንጓዬ ቀልቷል። ነጭ ቀሚሴን ለብሼ ዳሱ ውስጥ ከደረጄ ጎን ወንበሬ ላይ ተቀመጥሁ። ያልገመተ ሰው ሁሉ እየመጣ አየኝ። «አሰለፈች ተቀምጣ» ይባባላሉ፤ አንዳንዶቹ አሞኝ መስሏቸው «እግዜር ይማርሽ» አሉኝ። እግሬ ከወንበሩ ሥር ይረግጣል፣ ዐይኔ ትሪ ይቆጥራል፣ ቂጤ ግን አልተነሣም። ሙሽራው ገባ። ተበላ፣ ተጠጣ። ሽማግሌዎቹ ተነሡ፣ ዳሱ ጸጥ አለ፣ የምርቃቱ ሰዓት ደረሰ።

ሰላማዊት ቬሏን ሰብስባ ወደ እኛ መጣች። ዐይኗ እኔ ላይ ነው። ተቀምጫለሁ፣ አለሁ። ቬሏን የሚይዝላት ሰው ስላልነበረ ዞር አልሁና ደረጄን «ትዝታ የት አለች?» አልሁት።

«የት ትሆናለች» አለኝ፤ «ወጥ ቤት ናታ።»

ክፉ ብሎ አይደለም። እንደ ተለመደ ነገር ነው የተናገረው። ስለ እኔ ስንት ጊዜ እንዲሁ ብሎ ይሆን? የዛሬ ስድስት ዓመት «እናቷስ?» ብለው ሽማግሌዎቹ ሲጠይቁት እንዲሁ ነው ያለው። እናቷን አይተህ ልጇን አግባ ይላሉ። የሠላሳ አንድ ዓመት ልጅ ናት፤ በገዛ እኅቷ ሰርግ ቀን እሳት ላይ ቆማለች፤ ማንም አላዘዛትም። ያስተማርኋት እኔ ነኝ። ሳልናገር፣ በጀርባዬ አስተማርኋት።

ተነሣሁ።

ዳሱ ውስጥ ጉምጉምታ ሆነ። ደረጄ ክንዴን ያዘኝ። የሰላማዊት ፊት ሲለወጥ አየሁት፤ እንባዋ ከዐይኗ ጥግ ደርሷል።

«መጣሁ» አልኋት።

ይህችን ቃል ከአፌ ማውጣት አልነበረብኝም፤ ግን ሌላ ቃል አልነበረኝም። ቀሚሴን ሰብስቤ ሮጥሁ።

ትዝታ ትልቁ ድስት ላይ አጎንብሳ ታማስላለች። ፊቷ በጢስ ቀልቷል፤ ለሰርጉ ያሰፋችው ቀሚስ ላይ በርበሬ ተረጭቷል። ስታየኝ ደነገጠች።

«እማዬ፣ ምን ልትሠሪ መጣሽ? ቃል ገብተሽ የለም?»

«አንቺን ልወስድ ነው።»

«ቀይ ወጡ ጎድሎ አዲስ ጥጃለሁ። አሁን ከተውሁት ያራል።»

«ይረር» አልሁ።

ማማሰያዋ በእጇ እንዳለ ቆማ ቀረች። እትዬ በለጠች እንኳ ከሽንኩርታቸው ቀና አሉ። እኔ አሰለፈች፣ ወጥ ይረር ብያለሁ።

«ሂጅ ልጄ» አሉ እትዬ በለጠች። «እናትሽ እንዲህ የምትል በመቶ ዓመት አንዴ ነው።»

እጇን ይዤ ጎተትኋት። «እማዬ ልብሴ፣ ፊቴ…» ትላለች፤ አልሰማኋትም። በርበሬዋንም፣ ጢሷንም፣ ሁሉንም ይዛ ዳሱ ውስጥ አስገባኋት። የሙሽራው ሽማግሌዎች ሰዓታቸውን እያዩ ነበር። አንደኛው «ጊዜ ሄደ እኮ» አሉ።

«አባቴ፣ ይታገሡ» አልኋቸው። «እኔ ቤት ያልተመረቀች አንዲት ሙሽራ አለች። ስድስት ዓመት ጠብቃለች፤ ታላቅ ስለሆነች ትቅደም።»

ወንበሬ ላይ ተቀመጥሁ። ትዝታ ፊቴ ቆማ ዐየችኝ። ወደ ሰላማዊት ዞረች፤ ሰላማዊት በቬሏ እንባዋን እየጠረገች ራሷን ነቀነቀችላት። ከዚያ ትልቋ ልጄ ተንበርክካ ጉልበቴን ሳመች። መሳም ብቻ አይደለም፤ ግንባሯን ጉልበቴ ላይ ጥላ ቀረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ቀሚሴ ረጠበ። የቀላውን እጄን ጭንቅላቷ ላይ አሳረፍሁ።

የምርቃት ቃል አላጣም፤ የስንት ሰው ልጅ መርቄአለሁ። ያን ቀን ግን የለመድሁት ሁሉ ጠፋኝ። «ልጄ» አልኋት፣ «ተቀምጠሽ የምትበይበት ቤት ይስጥሽ። እጅሽን የሚይዝልሽ ሰው አይጥፋ። እኔን ይቅር በይኝ፤ እኔን ግን አትምሰይ።»

«አሜን» አለ ዳሱ ሁሉ። ትዝታ ቀና ብላ «እማዬ፣ መጨረሻ ላይ ያልሽው እኮ ምርቃት አይደለም» አለችኝ፤ እያለቀሰች እየሳቀች።

ሰላማዊትን ቀጥሎ መረቅኋት፤ ለእሷ ቃሉ ሁሉ ተመለሰልኝ። ሙሽሮቹ ሲወጡ በር ድረስ ሸኘኋቸው፣ ጡሩምባው ሲነፋ ከመኪናው አጠገብ ቆሜ ነበር። ትዝታ ጉንጬን ሳመችና ዐይኗ ወደ ጓሮ ሄደ። አየኋት። «ትንሽ ልያቸውና…» ስትል ክንዷን ያዝሁ። ከበሮው እየተመታ ነበር። መጀመሪያ ትከሻዋ እንጨት ሆኖ አልንቀሳቀስ አለ፤ እኔም ስጀምር እንዲሁ ነበርሁ። ገፋ ገፋ አደረግኋት።

ወጡ አሯል። አንዲት ጎረቤቴ ሳሕኗን ይዛ መጥታ በሹክሹክታ «አሰለፈች፣ ይህ ወጥ ትንሽ አልያዘውም?» አለችኝ። «ይዞታል» አልኋት፤ «ከልጄ ጋር እየጨፈርሁ ነው፣ እባክሽ አሳልፊኝ።»